ስምንቱም ንጹህ ብለዋል

የሰደበው የገዛ ልጁ ባል ነው። ዝናቡ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ የሻይ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ በላይኛው ፎቅ የስብሰባ ክፍል ውስጥ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ነበር፤ የክፍል ኃላፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሻይ የምታቀርበው ሴትዮ ትሪዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋለች። እሷም ስቃለች። እሱንም አልረሳላትም።

«ይቅርታ አድርጉላቸው» አለ አማቹ፣ በዚያ ቅቤ በሚቀባ ድምፁ። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከቧንቧ ጋር ነው የኖሩት። ቧንቧ ሲፈነዳ እንጂ ኮምፒውተር ሲያስነጥስ አይተው አያውቁም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ፣ ጥርሳቸውን ያየ ሰው የለም የሚባልላቸው ሰውዬ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ደረጃውን በታመመ ጉልበቱ ሮጦ ስለወጣ ትንፋሽ አጥሮት፣ አፉ ተከፍቶ ነበር። ምን ብሎ እንደከፈተው ራሱም ጠፍቶበት መልሶ ገጠመው።

«ደደብ» ቢለው ይሻለው ነበር። ደደብ ላለ ሰው መልስ አለው፤ መልስ ቢያጥር ጡጫ አለ። አንቱ ብሎ፣ አባባ ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆልህ የሰደበህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? ታመሰግነዋለህ እንዴ?

የተሰደበውን የማይረሳ ሰው ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለ የሒሳብ አስተማሪው ጠመኔውን ግንባሩ ላይ እየመታ «ይህ ጭንቅላት ለአካፋ ነው የተሠራው» ያለውን፣ በዚያ ቀን ማን ከፊት ወንበር ተቀምጦ እንደሳቀ ጭምር ያስታውሳል። ስሙን እያወቀ በፉጨት ይጠራው የነበረውን የቦይ አሠሪ አልረሳም። በልጁ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው «አባት፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ፊት ይሸፍናሉ» ብሎ ከመሃል ወደ ዳር ያወጣውንም አልረሳም፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ ስላለ በየቀኑ ያየዋል፤ ግማሽ ጆሮው ብቻ ነው የወጣው። ሚስቱ በሕይወት እያለች «አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ተሸክመህ ወገብህን አያምህም?» ትለው ነበር። እሷን አልተቀየማትም። ከሰው ሁሉ እሷን ብቻ።

የኖረው በከተማው ውሃ ማከፋፈያ መሥሪያ ቤት ቫልቭ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ነው። የመንገድ ላይ የብረት ክዳን አንስቶ፣ ቁመቱን የሚያህል ቁልፍ ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ለአንዱ ሰፈር ይለቃል ለሌላው ይዘጋል። ልጆች «ጋሽ ቫልቭ» እያሉ ይከተሉት ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ግን ሊያሰናብቱት ወረቀት ጀመሩ። በዚህ መሃል ነው አማቹ፣ የመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣ «አባባ ቤት ቁጭ ብለው ከሚያረጁ» ብሎ ከራሱ ክፍል ወንበር የሰጠው። የሚሽከረከር ወንበር። ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ይነሳ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር የሰጪው እጅ ትከሻው ላይ ያለ ይመስለዋል።

ሥራው ለሰሚ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። የከተማው ውሃ በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ መረብ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ቫልቩ፣ ማጠራቀሚያው፣ ፓምፑ እያንዳንዱ ነጥብ ነው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄደው ቧንቧ ደግሞ መስመር። መስመሩ «ከዚህ ቫልቭ ተነስቼ እዚያኛው እገባለሁ» ይላል። ቫልቩም በፈንታው «እነዚህ እነዚህ ቧንቧዎች የኔ ናቸው» ይላል። የሁለቱ ቃል መግጠም አለበት። ቧንቧው «አባቴ እገሌ ነው» እያለ ቫልቩ «እንዲህ ያለ ልጅ አልወለድኩም» ካለ፣ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው።

ይህን ውሸት የሚያድን ፕሮግራም አለ፤ ቢሮው ውስጥ «አጣሪው» ነው የሚሉት። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትዕዛዙን በፊደል መጻፍ ብቻ ነው። ከትዕዛዙ ኋላ የስምንትን ቁጥር ሲያስከትሉበት ከተማውን በስምንት ቀጠና ቆራርሶ ለስምንት ሠራተኞች ያድላል። ሠራተኛ ሲባል ሰው አይደለም፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ነገሮች ናቸው። ሁሉም የየድርሻቸውን ባንድ ጊዜ ያገላብጡና የቀዱት ሻይ ሳይበርድ ይጨርሳሉ። ቦይ ሲቆፈርም እንዲሁ ነው፤ ለየቡድኑ ድርሻ ይለካል። ችግሩም ያው የቦዩ ችግር ነው። በሁለት ቡድን መካከል የምትቀር ክንድ የምታህል አፈር አለች፤ ይሄኛው የዚያ ናት ይላል፣ ያኛውም የዚህ ናት ይላል፣ ሳትነካ ታድራለች። ከቀጠና ወደ ቀጠና የሚሻገሩ ቧንቧዎችንም ስምንቱ አይነኳቸውም። ለእነሱ «የድንበር ዙር» የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አለ፤ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ከድንበር ድንበር እየዳኸ የሚያየው። ከምሳ ሲመለሱ የተነሳ እስከ መውጫ ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ሕግም አለ። አጣሪው ሲነሳ ማንም ምንም መጻፍ የለበትም። ትዕዛዙን የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ «እጅ አንሱ!» ብሎ ይጮሃል፤ ክፍሉ በሙሉ ከኪቦርድ እጁን ያነሳል። ያን ማክሰኞ የጠፋው ይህ ነው። እሱ ሳይጮህ ትዕዛዙን ሰጠ፤ አጠገቡ የምትሠራው፣ ሁሉም «መነጽር» እያለ የሚጠራት ልጅ ደግሞ አዲስ ሰፈር እያስገባች ነበር፤ ቧንቧዎቹን አስገብታ ቫልቮቹ ላይ ገና አልደረሰችም። አጣሪው አባት የሌላቸው ልጆች ሠራዊት አየና መስኮቱን በቀይ አጥለቀለቀው። እሱም ሳይጠይቅ፣ ሳያጣራ፣ ደረጃውን ወጥቶ የስብሰባውን በር በርግዶ «መረቡ ተበጥሷል!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከላይ ተነግሯል።

የሚኖረው ከልጁና ከባሏ ጋር፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ያን ቀን ራት ላይ አማቹ ዳቦውን ቆርሶ «አባባ፣ ይብሉ እንጂ» ሲለው ቀና ብሎ አላየውም።

«ምን ሆነሃል አባዬ?» አለች ልጁ።

«ምንም።»

«ፊትህ እንዲህ የሆነው በምንም ነው?»

«ያረጀ ፊት ነው፤ ምን እንዲሆንልሽ ፈለግሽ?»

አማቹ ሳቀ። ቀልድ መስሎት። እሱ ግን ይህንንም ሳቅ ከማክሰኞው ሳቅ ጎን አስቀመጠው።

ወሩ እንዲህ አለፈ። ከዚያ ትልቁ ቧንቧ የሚቀየርበት ቀን ቀረበ። ትልቁ ቧንቧ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ከተዘጋው ቫልቭ ይነሳና መስመር መስመሩን ተከትሎ ውሃ የሚቋረጥባቸውን መንገዶች ይነግራል፤ የቧንቧና የቫልቭ ቃል ካልገጠመበት ወዲያ ያለውን ግን አያየውም፤ በዚያ መሠረት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ዞራ ታስጠነቅቃለች፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ካለ አስቀድሞ ቦቴ ይላክለታል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሐሙስ አማቹ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለ።

«አባባ፣ ዛሬ አደራ። ነገ ትልቁን ልንዘጋ ነው። እንደ ሁልጊዜው ያጣሩልኝና ከመውጣቴ በፊት ይንገሩኝ።»

«እሺ።»

«ስህተት ካዩ ደግሞ ይጥሩኝ።» ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ግን እባክዎ፣ የእውነቱን ስህተት!»

መነጽር አንገቷን ኪቦርዷ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» አላት አማቹ ሲሄድ።

«ኧረ ጋሼ፣ አስነጠሰኝ እኮ ነው!» አለችና ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች ገብቷት ደነገጠች። እሱ ወደ አጣሪው ጥቁር መስኮት ዞረ።

«እጅ አንሱ!» ሲል የመስታወቱ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ።

«ተማርኬያለሁ፣ አይተኩሱ!» አለች መነጽር አሥር ጣቷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ልታስታርቀው። አልሳቀም።

ስምንቱ ተራ በተራ ንጹህ ብለው ተመለሱ። ከምሳ በኋላ የድንበሩን ዙር ለቀቀ። አንዱ ሠራተኛ እየዳኸ፣ እሱ እየጠበቀ፣ ውጪ ዝናቡ እየወረደ ከሰዓቱ አለቀ። ሰዎች ጃንጥላ መፈለግ ሲጀምሩ መስኮቱ ላይ አንዲት ቀይ ጽሑፍ ወጣች። አንድ ብቻ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀጠና ድንበር ላይ ያለ ቧንቧ «ከዚህ ቫልቭ ነው የምነሳው» ይላል፤ ቫልቩ ግን «አላውቀውም» ብሏል።

አሁን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። እጅ የሚያነሳም የሚያወርድም አልነበረም። የእውነቱ ስህተት ይህ ነው።

ብድግ አለ። ሆዱ ውስጥ እንደ ደስታ ያለ ነገር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የሚገባው ነገር አለው። በአገናኝ መንገዱ ቀስ ብሎ፣ እንዳለፈው እንዳይሮጥ ራሱን እየገታ ሄደ። የአማቹ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

«መረቡ ተበጥሷል! መረቡ ተበጥሷል!» ይላል አንዱ መሐንዲስ፣ የሱን ድምፅ አስመስሎ። በበሩ ስንጥቅ ሲያይ መሐንዲሱ አንድ እግሩን እየጎተተ ወለሉ ላይ ያነክሳል።

«ተው፣ አንተ ልጅ» ይላል አማቹ ሳቁን መያዝ እያቃተው። «ይሰሙሃል!»

ይሰሙሃል አለ እንጂ ነውር ነው አላለም። ያነሳውን እጅ አወረደ። አገናኝ መንገዱን ሲመለስ አካሄዱ ከቅድሙም የረጋ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያቺን ቀይ ጽሑፍ አያት። የቧንቧው ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። ቁጥሩን ወደ ካርታው ወስዶ የትኛው መንገድ እንደሆነ ማየት ይችል ነበር፤ ትንሽ ሥራ ናት። አላየም። ይልቅ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ እንደገና ጻፈ፤ ከኋላው ስምንትን አስከተለ። ስምንቱም ሮጠው ተመለሱ፤ ንጹህ፣ ንጹህ፣ ንጹህ፣ እስከ ታች። ቀዩዋ ወደ ላይ ተገፍታ ከዓይን ወጣች። አጣሪው ያየውን የሚናገረው እዚያ መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

አማቹ ኮቱን ደርቦ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። «እህ፣ አባባ? ምን አሉን?»

«ስምንቱም ንጹህ ብለዋል።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ!» ብሎ የመዝጊያውን ፈቃድ ፈርሞ ሄደ።

አልዋሸሁም፣ አለ ለራሱ ጥቁሩን መስኮት ዘግቶ ጃንጥላውን ሲዘረጋ። ስምንቱም ብለዋል። ድንበሩስ ቢለኝ እነግረው ነበር። አንድ ቃል ናት፤ እሷን መጠየቅ ያቃተው ምሁር እኔ ምን ላድርገው? ነገ ሁለት ሰፈር ሳይነገረው ውሃ ይሄድበታል፣ ባልቴቶች በስልክ ይሰድቡታል፣ እሱም ለአንድ ቀን እንኳ መሳቂያ መሆን ምን እንደሚመስል ያያል። ከዚህ የሚያልፍ ነገር አልታየውም። እንዲያልፍ አልፈለገም፤ ይህም እውነት ነው። ቤት ሲገባ እያፏጨ ነበር።

ዓርብ ትልቁ ቧንቧ ተዘጋ። ድምፅ ማጉያዋ መኪና የተነገሯትን መንገዶች ዞረች፣ ቦቴዎቹ የተባሉበት ሄዱ። ከምሳ በኋላ የመረጃ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ያነሳችው መነጽር ነበረች፤ ስታዳምጥ እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«የእናቶች ሆስፒታሉ ነው፣ የአራተኛው ቀጠናው» አለች ስታስቀምጠው። «ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር አልቆባቸዋል። ውሃ የለም። ማንም አልነገራቸውም። ምጥ ላይ ያሉትን በመኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል እያወጧቸው ነው፤ በዚህ ዝናብ!»

ሲመሽ የቀረውን ሰሙ። አንዷ መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ወልዳለች። ሕፃኑ ሲወጣ ሰማያዊ ነበር። እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷታል። ሁለቱም አልሞቱም፤ ሁለቱም ግን ተርፈዋል የሚል ሐኪም ገና የለም።

እሱ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ቧንቧውን ከፈተ፤ ውሃው ወረደ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ሌላ ሰው በሩን እስኪደበድብ ድረስ እንዲሁ ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ።

ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ያው የስብሰባ ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። ሻይ አልቀረበም። እሱን ከግድግዳው ጥግ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት።

«የድንበሩ ዙር ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

አማቹ ጢሙን አልተላጨም። «አላረጋገጥኩም። ንጹህ ነው ሲባል ድንበሩን ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አጣሪውን የሚያንቀሳቅሱት እኚህ ሰው አይደሉም እንዴ?» ሥራ አስኪያጁ በእስክሪብቶ ወደ ጥጉ ጠቆሙ።

እሱ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«እሳቸውን ተዉአቸው» አለ አማቹ። «እሳቸው የነገርኳቸውን ነው የሚጽፉት። ስህተት ቢያዩ ኖሮ ደግሞ ጣሪያውን ቀደው ይመጡ ነበር፤ ባለፈው አይታችኋቸዋል። አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ቃሉን ተቀብሎ እንደ ልማዱ የት ላይ እንደሚወጋው ፈለገ። የነገርኳቸውን ነው የሚጽፉት፤ ይህ ስድብ ነው፣ ጥርት ያለ ስድብ። አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ይህኛውን ግን በየት በኩል ቢያገላብጠው የሚይዝበት አጣ። ቀና ሲል አማቹ ወደ እሱ እያየ ነበር፤ አይዞዎት የሚል አስተያየት። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኮሚቴው ውሳኔውን ረቡዕ ከሰዓት እንደሚሰጥ ተናግሮ ተነሳ።

ማክሰኞ አማቹ ቤት ዋለ። ከሥራ ታግዷል። ሳሎን ውስጥ ካልተከፈተው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ዋለ። ራት ላይ «አባባ፣ ይብሉ እንጂ» አለ፤ እሱ ራሱ አልበላም።

ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጁ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነው። እሱ የጓሮ ክፍሉ ደፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ጠራችው።

«አባዬ።»

«እ?»

«ሐሙስ ዕለት እያፏጨህ ነው የገባኸው።»

«ማፏጨትም ተከለከለ?»

«እማዬ ካረፈች ወዲህ ስታፏጭ ሰምቼህ አላውቅም።» የባሏን ሸሚዝ አራግፋ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «‹አባትሽ የሚያፏጨው የጠላው ሰው ሲደናቀፍ ነው› ትል ነበር።»

«እናትሽ ብዙ ትል ነበር።»

«እሱ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ‹ለምን አልጠየቅኳቸውም፣ አንድ ቃል ነበረች› እያለ ራሱን ይበላል። ዛሬ ከሰዓት ይወስኑበታል። ከሥራ ማባረር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የሴትየዋ ባል ከሷል፣ እስር አለበት እያሉ ነው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ? ዳኛ ነኝ?»

«ምንም አታድርግ።» የልብስ መቆንጠጫውን በእጇ እንደያዘች ወደ እሱ መጣች። ፊት ለፊቱ ስትቆም እጇ እርጥብ ነበር፤ ጣቷ በሳሙናው ተሸብሽቧል። «ለነሱ አትናገር ብትፈልግ። ለሱም አትንገረው። ለእኔ ብቻ ንገረኝ። የድንበሩን ዙር ሠርተኸው ነበር አይደል? አይተኸው ነበር?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ከሐሙስ ጀምሮ ሲስለው የከረመ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ስምንቱም ብለዋል። ሰው እያነከሰ ሲያሾፍብኝ እሱ ይስቅ ነበር። ይህ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ እንዲወጣ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። እንድትጮህበት ጠበቀ። «ነፍሰ ገዳይ» እንድትለው፣ «የበላህበትን ወጪት ሰበርክ» እንድትለው ጠበቀ፤ አንዲት ክፉ ቃል ብትሰጠው እሷን ይዞ ይነሳ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ነው የምታየው። ፊቷ ላይ ስድብ ፈለገ፣ ንቀት ፈለገ፤ የለም። ልትሰማው ቆማለች፤ ያ ብቻ ነው።

የጫማውን ክር ቋጨ። ጉልበቱን በእጁ ገፍቶ ተነሳ። በጎኗ ሲያልፍ እጅጌው የባሏን እርጥብ ሸሚዝ ነካ።

«አባዬ?»

የግቢው በር በዝናቡ አብጦ አልከፈት አለው። በትከሻው ገፋው። ውጪ መንገዱ በሙሉ ጭቃ ነበር፤ ኮሚቴው ወደሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆመው በግራ በኩል ነው።

«አባዬ!»

ወደ ቀኝ ታጠፈና ሄደ።